ድል እንዴት ይቈጠራል? ስለ ጥንቱ የሰንጠረዥ ደንብ



ካርታ የሚጫወት ሰው፣ በጎንደር አራዳ ከገበያ ሲመለስ ቡና ቤት አረፍ ብሎም ይሁን፣ በአዲስ አበባ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከባልደረቦቹ ጋራ ተቀምጦ፣ አንድ ነገር በሚገባ ያውቃል። ይኸውም በእጁ የያዛቸው ካርታዎች ዋጋ በየራሳቸው ብቻ ሳይሆን በአሰላለፋቸውም ጭምር የሚታይ መሆኑ ነው። ሦስት የተበታተኑ ካርታዎች ምንም ሳይፈይዱ፣ ሦስት ተከታታይ ካርታዎች ግን በአንድ ምልክት ተሰልፈው ሲገኙ ነጥብ ያስገኛሉ። ዛሬ ልናገርለት ያሰብሁት ጉዳይ ከዚሁ ይነሣል፤ የሚደርሰው ግን ካርታ ላይ ሳይሆን፣ አባቶቻችን በጨርቅ ላይ ይጫወቱት በነበረው በሰንጠረዥ ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸውም አንድ ጥያቄ ነው፤ ያሸነፈ ሰው ሁሉ እኩል አሸነፈ ይባላልን?

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አስቀድሜ የካርታውን ደንብ በምሳሌ ላሳይ። በፈረንሳይ አገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ «ፒኬ» የሚባል የሁለት ሰዎች ጨዋታ አለ። በ32 ካርታ ይጫወቱታል፤ ለእያንዳንዱም 12 ይታደላል፤ የቀሩት 8 መለወጫ ሆነው መካከል ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ የያዙትን ተከታታይ ይናገራሉ። ሦስት ተከታታይ ካርታ 3 ነጥብ፣ አራቱ 4 ነጥብ ያስገኛል። አምስት ሲሆን ግን ሒሳቡ ድንገት ይዘላል፤ 5 ሳይሆን 15 ይቈጠራል። ስድስቱ 16፣ ሰባቱ 17፣ ስምንቱም 18 ነው፤ በአንድ ምልክት ያሉት ካርታዎች ስምንት ብቻ ስለ ሆኑ ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም። ሁለቱም ተጫዋቾች ተከታታይ የያዙ እንደ ሆነ ረጅሙን የያዘው ብቻ ይቈጥራል፤ ርዝመታቸው እኩል ቢሆን ከፍ ያለ ካርታ ያለበት ይበልጣል። ብልጫ ያገኘውም ሰው ሌላ አጭር ተከታታይ ቢኖረው አብሮ ይቈጠርለታል፤ የባለጋራው ተከታታይ ግን ሁሉም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ደንብ ውስጥ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው፣ ለማግኘት የሚያስቸግር ነገር ከብዛቱ በላይ ይከበራል፤ ከ4 ወደ 15 የተዘለለውም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ የበለጠው ሁሉን ይወስዳል፤ ለተበላጩ ምንም አይተውለትም። የጥንቱ ሰንጠረዣችን የመጀመሪያውን ሐሳብ አጥብቆ ይዞታል፤ ሁለተኛውን ግን ፈጽሞ ገልብጦታል። ይህን ለማየት ወደ ጨዋታው ራሱ መግባት ያስፈልገናል።

ዛሬ በመሥሪያ ቤት ውስጥ «ሰንጠረዥ» ብንል የሚታሰበው በመስመር ተከፋፍሎ ቍጥር የተሞላ ወረቀት ነው። የበጀት ሰንጠረዥ፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ እንላለን። ቃሉ ግን ከመዝገብ ቤት የተወለደ አይደለም፤ የጨዋታ ስም ነው። መነሻው የህንድ ሰዎች «ቻቱራንጋ» ያሉት ሲሆን ትርጓሜው አራት ክፍል ማለት ነው፤ እነዚህም በጥንቱ የህንድ ጦር ውስጥ የነበሩት ዝሆኖች፣ ፈረሶች፣ ሠረገሎችና እግረኞች ናቸው። ጨዋታው ወደ ፋርስ ሲሻገር «ቻትራንግ» ተባለ፤ ዐረቦች «ሸጥረንጅ» አሉት፤ በእኛም አፍ ሰንጠረዥ ሆነ። አውሮፓውያን ቼዝ የሚሉት የዚሁ ጨዋታ ሌላ ልጅ ነው። ስለዚህ ጸሓፊው በወረቀቱ ላይ መስመር በሚያሰምርበት ጊዜ ሳያውቀው የንጉሥና የፈረሰኛ ሜዳ ያሰምራል ማለት ነው።

በአገራችን ታላላቅ ሰዎች ዘንድ ጨዋታው የተወደደ ነበር። ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል፣ ቢቺኒ ከተባለው የቬኒስ ሰዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር የዚያ ዘመን የጣልያን ጽሑፍ ይመሰክራል። ከሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ የባለጋራቸውንም ጠጠር በሚበሉበት ጊዜ በኀይል መትተው ከቦታው ያስወጡት ነበር። እቴጌ ጣይቱም ከበገናው ጋራ ሰንጠረዥን ዐዋቂ እንደ ነበሩ ይነገራል።

ደንቡን ከሁሉ ይልቅ አብራርቶ የጻፈልን ግን ዕድሜው በጎንደር የተፈጸመ ሰው ነው። ዋልተር ፕላውደን የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ በደጃዝማቾችና በራሶች ሠፈር ብዙ ዓመት የኖረ ሲሆን፣ በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በዐመፀኛው በጋረድ ሰዎች ቈስሎ ተማረከ፤ ቤዛ ተከፍሎ ቢለቀቅም ከቍስሉ ሳይድን በጎንደር ሞተ። ጽሑፉን ወንድሙ ሰብስቦ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1868 አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ከተነገረው መካከል የሰንጠረዥ ሕግም ይገኛል።

ሜዳው ስምንት በስምንት፣ በጠቅላላው 64 ቤት ነው። እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቍርና ነጭ ተብሎ አልተከፈለም፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቍር ወይም ሰማያዊ መስመር ተደርጎበት ይዘረጋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር አለው። ንጉሥ እንደምናውቀው ወደ ዙሪያው አንድ ቤት ይሄዳል። ደር በቀጥታ እስከ ወደደው ይሮጣል፤ ፈረስ እንደ ዛሬው ፈረስ ይዘላል። መደቅ የተባለው እግረኛ ወደፊት አንዳንድ ቤት እየሄደ በማዕዘን ይበላል። ፈርዝ የንጉሡ አማካሪ ሲሆን በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ የዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ያላት ኀይል የለውም። ፊል ማለትም ዝሆኑ ደግሞ በማዕዘን አንዱን ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ መካከል ያለው ጠጠር አይከለክለውም።

በፊል ላይ ትንሽ ልቈይ፤ የኋላው ነገር ሁሉ በእርሱ ይታያልና። ወረቀት ላይ 64 ቤት ሥላችሁ ፊሉን ከመነሻው ቤት እያዘለላችሁ ብትከታተሉት፣ ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል የሚደርሰው 8 ቤት ላይ ብቻ መሆኑን ታገኛላችሁ። የሁለቱ ተጫዋቾች አራት ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው 8 ቤት አላቸው፤ አንዱ በሌላው ቤት አይገባም፤ ስለዚህም ፊል ከፊል ጋራ ከቶ አይገናኝም። የአራቱ ሲደመር 32 ይሆናል፤ በቀሩት 32 ቤቶች ላይ የቆመን ንጉሥ የትኛውም ፊል ሊነካው አይችልም። ደር ግን ሜዳው ባዶ ከሆነ ከየትኛውም ቤት ቢነሣ 14 ቤት ያስፈራራል። የሁለቱ ኀይል ልዩነት ይህን ያህል ነው።

ጨዋታው የሚጀመረው «ወረራ» በሚባለው ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ባንድነት፣ ያሻቸውን ያህል ጊዜ፣ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ አምስት ጊዜ ሲሄድ ሌላው ሁለት ጊዜ ቢሄድ የሚከራከር የለም። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ መቸኰል አይደለም። እያንዳንዱ የባለጋራውን አሰላለፍ ይመለከታል፤ ያኛው ፈረሱን ወደ ግራ ቢያወጣ፣ ይኸኛው ያደረገውን መልሶ ሌላ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ጠጠር የበላ እንደ ሆነ ወረራው በዚያው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ በተራ ነው። በዛሬው ቼዝ የመጀመሪያዎቹን ዐሥርና ዐሥራ አምስት እርምጃዎች ከመጽሐፍ አጥንቶ መምጣት የተለመደ ነው። በሰንጠረዥ ግን እንዲህ ያለው ጥናት ብዙ አይረዳም፤ ባለጋራው ተራ ጠብቆ አይመልስምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ድሉ አቈጣጠር እንምጣ። ንጉሡ ተይዞ መሸሻ ያጣ እንደ ሆነ ማት ይባላል፤ ጨዋታውም ያበቃል። ዳሩ ግን የተመልካቹ ፍርድ በዚህ አያበቃም። ማቱ በምን ተደረገ? ተብሎ ይጠየቃል። በደር ወይም በፈረስ የተደረገ ማት እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ ጥበብ አለበት አይባልም። በአንድ ፈርዝ ወይም በአንድ ፊል የተደረገው ከዚያ ይሻላል። ፈርዝና ፊል ተጋግዘው፣ ከእነርሱም ጋራ መደቆች ተጨምረው ንጉሡን ያሰሩት እንደ ሆነ ግን ተጫዋቹ ከፍ ያለ ምስጋና ያገኛል።

ምክንያቱን ለማስረዳት አሁን አያዳግትም። ፊል ንጉሡን ሊይዘው የሚችለው ንጉሡ ከፊሉ 8 ቤቶች በአንዱ ላይ የቆመ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በፊል ማት ማድረግ የፈለገ ሰው፣ ንጉሡ ከየትኛው ቤት ላይ እንደሚያዝ ከሩቅ ወስኖ፣ በደሩና በፈረሱ ሌላውን መንገድ ሁሉ እየዘጋ፣ ወደዚያ ቤት ሊነዳው ይገባል። ደርና ፈረስ አሳዳጆች ይሆናሉ፤ የመጨረሻው ምት ግን ለደካማው ይተውለታል። በፒኬ አምስት ተከታታይ ካርታ ለማግኘት እድል ያስፈልጋል፤ በሰንጠረዥ ግን እድል የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በእኔ ግምት የሰንጠረዡ ክብር ከካርታው 15 ነጥብ ይልቅ በሚገባ የተገኘ ነው። የካርታ ወዳጆች እንዳይቀየሙኝ።

ሁለተኛው ሕግ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። ባለጋራው ጠጠሮቹ ሁሉ አልቀው ንጉሡ ብቻውን የቀረ እንደ ሆነ፣ ያን ንጉሥ ማት ማድረግ አይቻልም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይፈርሳል። ከንጉሡ ጋራ አንድ ባለማዕረግ ጠጠር ብቻ የቀረው እንደ ሆነ ደግሞ ቍጥር ይጀመራል፤ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማቱ ካልተፈጸመ ድሉ ይቀራል።

በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከተማ ሰንጠረዥን በመጽሐፍ ያስተማሩት የዐረብ ሊቃውንት ዘንድ ደንቡ የዚህ ተቃራኒ ነበር። እዚያ የባለጋራውን ጠጠር ሁሉ በልቶ ንጉሡን ያራቈተ ሰው፣ የተራቈተው በሚቀጥለው እርምጃ አጸፋውን ካልመለሰ በቀር፣ እንዳሸነፈ ይቈጠርለት ነበር። ጠጠሩ ያው፣ የፊሉና የፈርዙ አካሄድም ያው ሆኖ ሳለ፣ በባግዳድ ድል ያሰጥ የነበረው ሥራ በእኛ ዘንድ ድልን የሚያሳጣ ሆነ።

ይህ ሕግ የጨዋታውን መጨረሻ እንዴት እንደሚለውጠው በምሳሌ እንመልከት። አንዱ ተጫዋች ሁለት ደር፣ አንድ ፈርዝ፣ አንድ ፊልና ሁለት መደቅ አለው እንበል። ለሌላው የቀሩት ንጉሡ፣ አንድ ፈረስና አንድ ፊል ብቻ ናቸው። በቼዝ ልማድ ቢሆን ባለደሩ ፈረሱን ይበላል፤ ቀጥሎ ፊሉን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሥጋት ንጉሡን ጥግ ያስይዛል። በሰንጠረዥ ግን ፈረሱን የበላ እንደ ሆነ ወዲያው ሰባቱ ቍጥር ይጀመርበታል። ፊሉንም የደገመ እንደ ሆነ ጨዋታው ከእጁ ይወጣል። ስለዚህ እጁን መሰብሰብ አለበት። እንዲያውም የባለጋራውን ጠጠሮች በድንገት እንዳይሞቱበት እንደ እረኛ ሊጠብቃቸው ያስፈልጋል።

ተሸናፊውም ይህን ያውቃል። ከእንግዲህ ለእርሱ የሚበጀው ፈረሱን ማዳን ሳይሆን ማስበላት ነው። ፈረሱን ወስዶ በደሩ አፍ ላይ ያቆመዋል። ባለደሩ አልበላም ብሎ ቢያልፈው ፈረሱ ንጉሡን ሊያስጨንቅ፣ ወይም ፈርዙን ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ባለደሩ ደሩን ማሸሽ፣ አቅጣጫ መለወጥ፣ እንደ ገና ማሰብ ይገደዳል። ኀይል የበዛለት ሰው ጭንቀት የሚበዛበት እንዲህ ያለ የጨዋታ መጨረሻ በሌላ ስፍራ ብዙ አይገኝም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሕግ ለጨዋነት ይሰጡታል፤ ብቻውን የቀረን ንጉሥ መግደል ነውር ስለ ሆነ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ መኳንንቱ በሚጫወቱበት አደባባይ እንዲህ ያለው ስሜት መኖሩ አያስገርምም። እኔ ግን ሌላም ጥቅም አይበታለሁ። በሰንጠረዥ ደካማ ጠጠሮች ስለሚበዙ፣ ኀይለኞቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ አንድ ብቸኛ ንጉሥ በ64ቱ ቤት ውስጥ ሲሸሽ ሊውል ይችላል። ሕጉ ይህን አሰልቺ አደን ይቈርጠዋል፤ ማቱ ሜዳው ገና ሞቅ እንዳለ እንዲፈጸም ያስገድዳል።

ድልን በየማዕረጉ መለየት የእኛ ብቻ አልነበረም። በአይስላንድ ደሴት የነበሩ የቼዝ ተጫዋቾችም ማቱ በየትኛው ጠጠር እንደ ተደረገ እየለዩ ያከብሩ ነበር። በተወላ ጨዋታም ቢሆን አንድ ጠጠር እንኳ ሳያስወጣ የተሸነፈ ሰው እጥፍ ይቈጠርበታል። የዛሬው የዓለም ቼዝ ግን እንዲህ ያለውን ልዩነት አያውቅም። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1916 ዓ.ም. በፓሪስ ከተቋቋመ ወዲህ በየአገሩ የሚሠራበት አንድ ደንብ እየጸና ሄደ፤ ያሸነፈ 1፣ እኩል የወጣ ግማሽ፣ የተሸነፈ ዜሮ። በንግሥትም አሸንፍ፣ በእግረኛም አሸንፍ፣ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ያው 1 ነው። ለውድድር አስተዳደር ይህ ምቹ ነው፤ አንድን ማት «ያማረ ነው» ወይም «ያላማረ ነው» እያሉ መፍረድ ዳኞችን ያጣላልና። ግን የጠፋ ነገር መኖሩን መካድ አይቻልም።

ሰንጠረዥ በአገራችን መጫወቱ የቀረበትን ጊዜ በሚመለከት፣ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ስለዚሁ ጨዋታ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። በእርሳቸው አስተያየት ልማዱ የጠፋው ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦርነት ወዲህ ነው። ይህ ለማመን የሚያስቸግር አይደለም። ሰንጠረዥ የአዳራሽ ጨዋታ ነበር፤ የሚጫወቱት በመኳንንቱ ግብር ቤት ነው፤ ተመልካች፣ አሽከርና እንግዳ በተሰበሰበበት። ጦርነቱና ስደቱ ያን አዳራሽ ሲበትኑት ጨዋታውም አብሮ ተበተነ። ገበጣ ግን መሬት ላይ ጕድጓድ ቈፍሮ በጠጠር የሚጫወቱት ስለ ሆነ አዳራሽም ጌታም አላስፈለገውም። ከነጻነት በኋላ በከተማው ቡና ቤት የተስፋፉት ካርታ፣ ዳማና የአውሮፓው ቼዝ ናቸው።

ደንቡ ግን በጽሑፍ ስለ ቀረ፣ የቼዝ ዕቃ ያለው ሰው ዛሬውኑ ሊሞክረው ይችላል። ንግሥቲቱን ፈርዝ ብላችሁ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ አስሂዷት፤ ጳጳስ የሚባለውን ፊል ብላችሁ በማዕዘን ሁለተኛው ቤት ላይ አዝልሉት፤ እግረኞቹም ከመነሻቸው ሁለት ቤት አይዝለሉ። ንጉሡን እያንዳንዳችሁ ከመካከለኛው መስመር በስተቀኛችሁ አቁሙት፤ እንዲህ ሲሆን የአንዱ ንጉሥ ከሌላው ፈርዝ ጋራ ፊት ለፊት ይተያያል። ወረራውን በዝግታ ጀምሩት፤ ልማድ የሌለው ሰው እጁ ከዐይኑ ይቀድማልና።

የጥንቶቹ ተጫዋቾች የማቱን ማዕረግ በምስጋና እንጂ በነጥብ አይለኩትም ነበር። እንደ ካርታው ነጥብ መያዝ ለሚሻ ሰው ግን የራሴን ሐሳብ ላቅርብ፤ በደር ወይም በፈረስ ለተደረገ ማት 1፣ በአንድ ፈርዝ ወይም በአንድ ፊል ለተደረገው 2፣ እነዚህ ከመደቅ ጋራ ተባብረው ለፈጸሙት 4 ቢሰጥ ልዩነቱ በሚገባ ይታያል። ሰባቱን እርምጃ ጮክ ብሎ የሚቈጥረው ተሸናፊው ይሁን፤ አሸናፊው ማሰብ ስላለበት ቍጥሩ ሊጠፋበት ይችላል፤ ተሸናፊው ግን አንዲቱንም አይረሳትም።